የወፍጮው ቺንጋ ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰው ለምንድን ነው?



ለአጥቢያው ገቢ እንዲያስገኝ የተተከለ ወፍጮ ሥራ ባቋረጠ ቁጥር፣ እህል ተሸክመው ከሩቅ የመጡ እናቶች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ፤ ለአገልግሎት የታሰበውም ገንዘብ ለመለዋወጫ ግዢ ይውላል። የወፍጮ ቤቶችን ሥራ በምንከታተልበት ጊዜ ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ «ቺንጋ ገዝተን አልዘለቅነውም» የሚል ነው።

ቺንጋው ዕድሜውን ሳይጨርስ በየጊዜው የሚበጠስ ከሆነ፣ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በቺንጋው ሳይሆን በሞተሩና በወፍጮው ፑሌጋዎች አሰላለፍ ላይ ነው። ባለ ቪ ቅርጽ ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ጎኖቹ ነው፤ ፑሌጋዎቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ ግን በአንድ ጎኑ አብዝቶ ይፋተጋል። ምልክቶቹም ግልጽ ናቸው፦ የቺንጋው አንድ ጎን ተለይቶ ይበላል፤ ከሥሩ ጥቁር የጎማ ብናኝ ይጠራቀማል፤ ቺንጋው ይገለበጣል ወይም ይወጣል፤ ኩሽኔታውም ከልክ በላይ ይግላል። በካቴና በሚሠራ መሣሪያም ነገሩ ያው ነው፤ የጥርሶቹ አንድ ጎን ብቻ ተለይቶ መበላት የመዛነፍ ምልክት ነው።

ለምርመራው አንድ ቀጭን ሲባጎ ይበቃል። አስቀድሞ ሞተሩ ይጥፋ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶ ማንም እንዳያበራው ይጠበቅ። ከዚያም ሲባጎው በሁለቱ ፑሌጋዎች የጎን ገጽ ላይ ይወጠር። የፑሌጋዎቹ ጠርዝ ውፍረት እኩል ከሆነ፣ ሲባጎው የእያንዳንዱን ፑሌጋ ሁለት ጠርዞች፣ በድምሩ አራት ቦታ ሊነካ ይገባል። የአንዱን ፑሌጋ አንድ ጠርዝ ብቻ ከነካ ሞተሩ ዞሯል ማለት ነው፤ የመሠረቱን ብሎኖች አላልቶ ሞተሩን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሲባጎው ከአንዱ ፑሌጋ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ከራቀ ደግሞ፣ ያን ፑሌጋ በዘንጉ ላይ ማንሸራተት ይበቃል። ሞተሩ ወደ ጎን ካዘመመ ከእግሩ ሥር ስስ ላሜራ ይግባ።

አዲስ ቺንጋ ሲገባ በብረት እየፈለቀቁ ማስገባት የውስጡን ክር ይጎዳል፤ ሞተሩን ማስጠጋት ይሻላል። በሁለቱ ፑሌጋዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከሆነ፣ ቺንጋው መካከሉ ላይ በጣት ሲጫን ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረግብ ይገባዋል። ብዙ ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ ሁሉም በአንድነት ይለወጡ፤ አሮጌው ስለሚረግብ ሸክሙ በአዲሱ ላይ ይወድቃልና። ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላም ውጥረቱ ዳግም ይታይ። መከለያው ሳይመለስ ሞተሩ አይነሣ፤ ልብስና እጅ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለቀጣዩ ቺንጋ ግዢ ከመፈረማችሁ አስቀድሞ፣ «አሰላለፉ በሲባጎ ታይቷልን?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ።