የባጃጅ መብራትና ድምፅ ማጉያ፤ የኦም ሕግ በመንገድ ላይ

ከጣና የሚወርደው ዓባይ ካርቱም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሶባን ያልፋል። ሶባ በመካከለኛው ዘመን የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ እንደነበረች የታሪክ መምህራን ያስታውሳሉ። በዘመናችን ደግሞ ከካርቱም ደቡባዊ ዳርቻዎች አንዷ ናት። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ፣ በካርቱምና በዳርቻዎቿ ሱዳኖች «ረክሻ» የሚሉት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ በቀለም መብራት አጊጦ፣ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነበር። እኛ «ባጃጅ» የምንለው ይኸው ተሽከርካሪ በባሕር ዳርም ሆነ በሐዋሳ በተመሳሳይ መንገድ ሲሽሞነሞን እናያለን።

ይህን ርእስ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከየትምህርት ቤቱ ከሚወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በባጃጅ ይተዳደራሉ። ተጨማሪ መብራትና ድምፅ ማጉያ ሲገጠም ስሌቱ ከተዘነጋ፣ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ በአንድ ሽቦ ምክንያት ሊቃጠል ይችላል። ስሌቱ ግን በክፍል ውስጥ ከምናስተምረው የኦም ሕግ አያልፍም።

1. ኮረንቲውን ማስላት

እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት ፓውዛዎችን በ12 ቮልት ባትሪ ላይ እንገጥማለን እንበል። ጠቅላላው ኃይል 110 ዋት ነው። ይህን ለ12 ስናካፍል 9.2 አምፔር ያህል እናገኛለን። በቤታችን 220 ቮልት መስመር ላይ ያው 110 ዋት የሚፈልገው ግማሽ አምፔር ብቻ ነው። እንግዲህ ቮልቱ ሲያንስ ኮረንቲው ይበዛል፤ «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር የሚያሳስተውም በዚህ ነው። 12 ቮልት ሰውን ባይመታም ሽቦን ያቀልጣል።

2. የሽቦው ውፍረት

በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የኮረንቲው ካሬ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ 0.093 ኦም ገደማ ነው። በ9.2 አምፔር ወደ 8 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በሽቦው ላይ ይባክናል፤ መብራቱም 0.9 ቮልት ያህል ይጎድልበታል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ ወደ 2.4 ዋት ይወርዳል። «መብራቱ ደከመ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን የቀጭኑ ሽቦ ነው።

3. ፊውዝና ሪሌ

ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ መሆን አለበት። ፊውዙ ከመብራቱ አጠገብ ከተደረገ፣ ሽቦው በመካከል ተልጦ የተሽከርካሪውን ብረት ሲነካ ኮረንቲው ፊውዙን ሳያልፍ ይመለሳል፤ ፊውዙም አይበጠስም። ለምሳሌአችን 15 አምፔር ይስማማል። የተበጠሰውን ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ እንደ መተው ነው።

ሪሌ ደግሞ ኤርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ያስተዋለው፣ ኮረንቲ ማግኔትነትን የመፍጠሩ ነገር ሥራ ላይ ሲውል ነው። በማብሪያ ማጥፊያው በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ ጠምዛዛውን ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱም ብዙውን ኮረንቲ የሚያሳልፈውን መገናኛ ይዘጋል። በዚህም ማብሪያው ከመቃጠል ይድናል።

ሥራ ሲጀመር አስቀድሞ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው። ፖዘቲቩን ስንፈታ መፍቻው የተሽከርካሪውን አካል ቢነካ ያን ጊዜ ብልጭታ አይኖርም። ሽቦ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታም የጎማ ቀለበት ይደረግለት።

4. የሌላውን ዐይን ማሰብ

የፊት መብራት አንጸባራቂ የተሠራው ብርሃን ሰጪው ክር በተወሰነ ነጥብ ላይ ይገኛል ተብሎ ነው። በዚያው ውስጥ የኤል ኢ ዲ አምፖል ሲከተት ብርሃኑ ከሌላ ነጥብ ሊነሣ ስለሚችል፣ ጨረሩ መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዐይን ይወጋል። ለባለቤቱ «በጣም የሚያበራ» የመሰለው መብራት ለሌላው ጊዜያዊ ዕውርነት ነው። አደጋው ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም አይምርም።

5. ድምፅ ማጉያው

ባለ 4 ኦም ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም፣ ተከታትለው ሲያያዙ 8 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም በታች የማይችል ከሆነ፣ ጎን ለጎን ማያያዝ እሱን ማቃጠል ነው። ደግሞም የሚወስደው ኃይል እኩሌታው ሙቀት የሚሆንበት አምፕሊፋየር፣ 200 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት ባትሪ 33 አምፔር ይስባል። ሞተር ጠፍቶ በዚህ መጠን ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ባለ 35 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ መቆየቱ ያጠራጥራል።

ከባትሪው ይልቅ የሚያሳስበው ጆሮ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤልን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት አይገባም ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ባትሪ ይለወጣል፤ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከድስት መፈግፈጊያ የብረት ሱፍ አንዲት ቀጭን ክር ወስደን፣ በማይቀጣጠል ሰሌዳ ላይ አድርገን፣ ከሁለት የድንጋይ ባትሪዎች ጋር ስናገናኛት ትግላለች፣ ትበጠሳለች። ፊውዝ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው የሚያውቁትን ባጃጅ መብራት ዋት ጠይቀው ኮረንቲውን፣ የሽቦውን ውፍረትና የፊውዙን ልክ አስልተው ይምጡ። ውጤቱን ለባለ ባጃጁ ቢነግሩለት፣ ትምህርቱ ከክፍል አልፎ ለመንገዱም ይተርፋል።