ግራፊን ባዮሴንሰር

ግራፊን ባዮሴንሰር እንደ ኮቪድ-19 እና ኢንፍሉዌንዛ ያሉ የመተንፈሻ አካል በሽታዎችን የሚያመጡ ቫይረሶችን በኤሌክትሪክ ምልክት ለመለየት የሚሠራ መሣሪያ ነው።

ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው። አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በማጣበቂያ ፕላስተር ከግራፋይት ልጠው ለዩት፤ በ2010 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኙ።

አሠራር

በግራፊን በተሸፈነ ኤሌክትሮድ ላይ አንድን ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጣበቃል። ከአፍንጫ የተወሰደ ናሙና ሲጨመርበት ቫይረሱ ይያዝና በኤሌክትሮዱና በፈሳሹ መካከል ያለውን የኤሌክትሮኖች ዝውውር ያደናቅፋል፤ የኤሌክትሪክ ጅረቱም ይለወጣል። የግራፊን አቶሞች በሙሉ ገጹ ላይ ስለሆኑ ትንሽ ለውጥም ይታወቃል። የስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር መለኪያም የኤሌክትሮኬሚካል ባዮሴንሰር ነው፤ ነገር ግን በአንቲቦዲ ፈንታ ኤንዛይም ይጠቀማል።

ጥቅም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዋናው ምርመራ ፒሲአር ሲሆን፣ የሠለጠነ ባለሙያና የተሟላ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ እንደምትገኘው ጎርጎራ ላሉ ትንንሽ ከተሞች ይህ ማለት ናሙናን ወደ ትልቅ ከተማ መላክና ውጤት መጠበቅ ነው፤ በዚያ መካከል ታማሚው ሌሎችን ሊያስይዝ ይችላል። ባዮሴንሰር ግን ታማሚው ባለበት ጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ለመስጠት ታስቦ ይሠራል።

ውስንነት

በንፍጥና በምራቅ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ከንጣፉ ጋር ተጣብቀው የተሳሳተ ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ። አንቲቦዲም በሙቀት ይበላሻል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ማቆየቱ አስቸጋሪ ነው።