አራስ ቤት፣ ታላቅ ልጅና አያት

የዛሬው ቆይታችን አዲስ ሕፃን ስለተወለደበት ቤት ነው። ስለ ዐቂቃ አፈጻጸምና ስለ ስም አወጣጥ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፣ ተጽፏልም። እኛ ግን የምንነጋገረው የሰባተኛው ቀን እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስለሚቀሩት ሰዎች ነው፤ ስለ አራሷ፣ የእናቱን ጭን ለታናሹ ስለለቀቀው ታላቅ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጃቸውን ለማረስ ቋጠሮአቸውን ይዘው ስለመጡት አያት።

አቃቂ ቃሊቲን ምሳሌ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው። በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የሌሎችም ፋብሪካዎች እዚያው አካባቢ ተተከሉ፤ ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሠራተኛም በዙሪያቸው ሰፈረ። የዚያ ሠራተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ከገላን እስከ ቱሉ ዲምቱ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩት። በድሮው ግቢ አያት ማለት አጥሩን ተሻግሮ የሚገኝ ሰው ነበር። ልጅ ቢያለቅስ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ፤ ልጁም ቢከፋው እግሩ ወደ እነርሱ ይወስደዋል። አሁን ግን አያት ወይ አውቶቡስ ተሳፍረው ከሩቅ ይመጣሉ፣ ወይም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ መውረድ ይከብዳቸዋል። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ታላቁ ልጅ ይሯሯጣል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ገንፎ ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ትላለች። በረካ ያለበት ግርግር ነው፤ ግርግርነቱ ግን አይካድም።

በዚህ ላይ ሥራ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ እረፍት ሰጥቷል። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 60 ቀን ብቻ ስለነበር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ለአባት የተፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን! አባትየው ገና የሆስፒታሉን ደረሰኝ ከኪሱ ሳያወጣ ወደ ፈረቃው ይመለሳል። እናትየውም ብትሆን ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ጡት ብቻ በሚጠባበት ዕድሜ ላይ ትታው ትወጣለች። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ማነው? በአብዛኛው ቤት መልሱ አንድ ነው፤ አያት።

በመጀመሪያ ስለ ታላቁ ልጅ እንናገር። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ታናሽ ሲወለድለት ሁሉም ሰው «ደስ አለህ አይደል?» እያለ ይጠይቀዋል። ልጁ ግን ደስ ያለው ሳይሆን ግራ የገባው ነው። ትቶት የነበረውን ሌሊት መሽናት እንደገና ይጀምራል፣ ጣቱን ይጠባል፣ አፉን ያኮላትፋል፣ ሰው ዞር ሲል ሕፃኑን ይቆነጥጣል። ወላጆች ይህን ጥጋብ ይሉታል፤ አንዳንዱም ቀበቶ ያነሳል። ጥጋብ አይደለም። ልጁ «እኔስ?» እያለ ነው። የሚናገርበት ቃል ስላላገኘ በፍራሹ ይናገራል።

ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ የሚወስደው መፍትሔ ታላቁን ልጅ ጠቅልሎ ወደ ዘመድ ቤት መላክ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ይህ፣ ችግር ካላስገደደ በቀር፣ ባይደረግ ይመረጣል። ልጁ የሚረዳው «ሌላ ልጅ መጣና እኔ ተባረርኩ» ብሎ ነው። አያትን ወደ ቤት ማምጣት እንጂ ልጁን ከቤት ማስወጣት ልቡን አያሳርፈውም። አያት ቤት ውስጥ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። እናት ስታጠባ አባባ ታላቁን ይዘው «እንቆቅልህ» ይላሉ፣ እርሱም «ምን አውቅልህ» ይላል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይደበቃሉ፤ እግራቸው ወጥቶ እየታየ ልጁ ያላያቸው መስሎ ይፈልጋቸዋል። ጀርባቸው ፈረስ ይሆናል፣ ምርኩዛቸው በቅሎ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሽማግሌ ከሕፃን ጋር ጊዜ የሚያባክኑ ይመስላል። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት ሙሉ ሰው አግኝቷል፤ አራስ ቤት ውስጥ ደግሞ ሙሉ ሰው ከገንፎው ቅቤ ይልቅ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ እንመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሀብታሞች ነን። እርሳቸው ራሳቸው በአያት እጅ ያደጉ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው አሚና ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ዓመታቸው ያሳደጓቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ናቸው። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ዐብዱልሙጦሊብ በካዕባ ጥላ ሥር የሚነጠፍላቸው ምንጣፍ ነበር። ልጆቻቸው ለክብራቸው ሲሉ ዳር ዳሩን ይቀመጣሉ እንጂ ምንጣፉ ላይ አይወጡም። ትንሹ ሙሐመድ ግን መጥተው መሐሉ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። አጎቶቻቸው ሊያነሷቸው ሲሞክሩ አያትየው ይከለክሏቸውና ከአጠገባቸው አስቀምጠው ጀርባቸውን በእጃቸው ይደባብሱ ነበር።

ሐሰን በ3ኛው፣ ሑሰይን በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ ሲወለዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕድሜያቸው 55 ገደማ ነበር። የአንድ ሀገር ጉዳይ በጫንቃቸው ላይ ያለ፣ በኡሑድ ዘመቻ የቆሰሉ ሰው ናቸው። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ከምሽት ሶላቶች በአንዱ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱን ይዘው መጡ፤ ሱጁድ በወረዱ ጊዜ ልጁ ጀርባቸው ላይ ወጣ። ሱጁዱ ረዘመ። ከኋላ የሚሰግዱት አንድ ነገር የደረሰ ወይም ወሕይ የወረደ መሰላቸው። ሶላቱ ሲያልቅ ቢጠይቋቸው፣ ልጁ እንደ ግልቢያ እንደተቀመጠባቸውና ፍላጎቱን ሳይፈጽም ሊያጣድፉት እንዳልወደዱ ነገሯቸው። ከልጃቸው ከዘይነብ የተወለደችውን ኡማማንም ተሸክመው እንደሰገዱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ መልሰው ያነሷታል። አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስ ሐሰንን ሲስሙ አይቶ፣ አሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ሲናገር ደግሞ የማያዝን አይታዘንለትም ሲሉ መለሱለት።

እንግዲህ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአንዳንድ መስጂዶቻችን አባባ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲገቡ የሚቀበላቸው ፊት ምን ዓይነት ነው? ልጁ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ውሰዱልን!» የሚል ሰው አይታጣም። መስጂድ መጫወቻ ሜዳ ይሁን አላልንም። ሰጋጅን የሚረብሽ ልጅ በለሰለሰ አነጋገር ይያዛል፤ ቁርኣን የሚቀራበት ቦታም ክብር አለው። ነገር ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀርባ ለልጅ ካልጠበበ የእኛ የኋላ ሶፍ የሚጠብበት ምክንያት አይታየንም።

አንዳንድ አባቶች ሕፃኑን ለማቀፍ የሚፈሩት ሽንቱን ነው፤ «ልብሴ ይነጀሳል፣ ሶላቴ ያልፈኛል» ይላሉ። ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን ገና ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጇን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛ በመጣች ጊዜ ልብሳቸው ላይ ሸና፤ እርሳቸውም ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ አላጠቡትም። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ዓመት ያልሞላውና ከወተት ሌላ ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ሽንት ላይ ውሃ መርጨት ይበቃል፤ የሴቷ ግን ይታጠባል። በሐነፊይ መዝሀብ የሁለቱም ይታጠባል። ያም ሆነ ይህ አንድ ጣሳ ውሃ የሚፈታው ጉዳይ ስለሆነ እቅፉን አይከለክልም።

ስለ አያቶች መልካምነት ይህን ካልን፣ ጨዋታውና ፍቅሩ ጉዳት እንዳያመጣ ልንናገረው የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። የድሮ ሰው የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ ቆሻሻ ነው ብሎ ያስደፋ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከልለት ዋናው ነገር እርሱ ነው። ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ጉዳት አለው። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሲኖር ብቻ ይለያል። «ተሕኒክስ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ከሙሃጅሮች መጀመሪያ ለተወለደው ለዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ያደረጉት ተምር አላምጦ ላንቃን በጥቂቱ መቀባት ነው፤ በማንኪያ ማብላት አይደለም። ተሕኒክን ተገን አድርጎ ቅቤና ማር ማጉረስ ሌላ ጉዳይ ነው። ማር ሸፋ መሆኑን እናምናለን፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል እስኪያድግ ይቆይለት።

እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል፤ ለሞት የዳረገበትም ጊዜ አለ። ሕፃን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ አያቶች የሚወዱት ጨዋታ ነው፤ አንገቱ ያልጠና ሕፃን ግን ሲወረወርም ሆነ ሲናጥ አንጎሉ ይጎዳል። ወርውሩ ካላችሁ ኳስ ወርውሩ። የአራስ ክፍል በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በገጠሩ ቤት ጭሱና ጋዙ በሣሩ ክዳን ይወጣል፤ የኮንዶሚኒየም ክፍል ግን የተደፈነ ሣጥን ነው፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ እናትና ልጅን በእንቅልፋቸው ይወስዳል። ዕጣንም ይጨስ፣ ቡናም ይፈላ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

ታዲያ ይህን ለአያት ማን ይንገራቸው? እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይበላሻል። ምራት አማቷን «እማማ፣ ይህ ኋላ ቀር ነው» ካለቻቸው ነገሩ ስለ ቅቤ መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል። እኛ ያየነው የተሻለ መንገድ አያትን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት አለው። በዚያ ቀን ጉልበታቸው የሚፈቅድላቸው ከሆነ ሕፃኑን አያት ይዘውት ይሂዱ፤ ካርዱንም እርሳቸው ይያዙ። ነርሷ «እማማ፣ አደራ፣ ጡት ብቻ» ስትላቸው አደራውን የተቀበሉት እርሳቸው ይሆናሉ። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ጠባቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅቤ ይዛ የመጣችውን ጎረቤት የሚመልሱት እርሳቸው ራሳቸው ሲሆኑ ታያላችሁ። ቅቤው ለገንፎው ይሁን፤ አራሷ ትብላው።

ወላጆችም ልክ ማወቅ አለባቸው። የአያት ጨዋታ ስጦታ ነው፣ የሥራ ውል አይደለም። ዕድሜያቸው 65 የሆነ እናት ከማለዳ እስከ ማታ ሁለት ሕፃን ይዘው፣ ምግብ ሠርተው፣ ልብስ አጥበው፣ ማታ ሁሉም ሰው ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ እርሳቸው ቆመው እራት ያቀርባሉ። ይህ ቢርረል ዋሊደይን ነው የሚል ካለ ቁርኣንን መልሶ ያንብብ። አባት ከፈረቃው ሲመለስ ታላቁን ልጅ ተቀብሎ ደረጃውን ይዞት ይውረድ፤ እማማ መግሪብን ረጋ ብለው ይስገዱ። በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን እርሳቸውም ጎረቤት ሄደው ቡና ይጠጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ። ሲደክማቸው ደግሞ ልጁን ስልክ ፊት ቢያስቀምጡት የሚወቀሱት እርሳቸው አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ይህን መመሪያ ለማክበር የሚቻለው ያረፈ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መለያየቱ ነው። አያት የመጡት ለአርባ ቀን ወይም ለሦስት ወር ነው፤ ከብቱና እርሻው፣ ወይም ሌላዋ ልጅ፣ ይጠብቃቸዋል። ታላቁ ልጅ እንዳያለቅስ ተብሎ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብለው ይሄዳሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲነቃ አያቱ እንደጠፉ የሚያገኝ ልጅ ነገ እናቱም ስትወጣ እንደምትጠፋ ያስባል፤ እርሷም የምትወጣበት ቀን ሩቅ አይደለም። ከሳምንት በፊት ይነገረው። ቋጠሮውን አብሮ ይቋጥር፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ አብሮ ይሸኝ፣ ያልቅስም። ከዚያ በየጁምዓው ስልክ ይደወልለት፤ አባባም በስልኩ ውስጥ እንቆቅልሻቸውን ይጠይቁት። ሳይመልስ ቢቀር «ሀገር ስጠኝ» ይበሉት፤ እርሱም አቃቂን ይስጣቸው።