ያልመጣው እንግዳ

የሕንድ ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥኖ ትዝ የሚለን ዘፈኑና ጭፈራው፤ በፍጻሜውም ተጠፋፍተው የኖሩ ወንድማማቾች መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ ‹‹ፓርቲ›› የተባለውን በሂንዲ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ለማየት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ጥቂት መደናገሩ አይቀርም። ጭፈራ የለበትም፤ የሚወራለትም ጀግና እስከ መጨረሻው ብቅ አይል።

ታሪኩን በ1976 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በማራቲ ቋንቋ ለመድረክ የደረሰው ማሄሽ ኤልኩንችዋር ነው። በ1984 ወደ ፊልም ያዞረው ደግሞ ጎቪንድ ኒሃላኒ ሲሆን፤ ወጪውን የቻለው የሕንድ መንግሥት የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን ነው። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ ይያዝልን።

ነገሩ ሁሉ የሚፈጸመው በቦምቤይ ከተማ፤ ዳማያንቲ ራኔ በተባሉ ባለጸጋ ሴት ቤት፤ በአንድ ምሽት ነው። ዲቫካር ባርቬ የተባለ ስመ ጥር ደራሲ ታላቅ ሽልማት ስላገኘ ወይዘሮዋ ግብዣ አድርገውለታል። ደራሲው፤ ሐኪሙ፤ ጋዜጠኛው፤ ተዋናዩ ብርጭቆ እንደ ያዙ ስለ ኪነ ጥበብ ይከራከራሉ፤ ስለ ድኻውም ያዝናሉ። በየወሬው መካከል ግን የአንድ ሰው ስም እየደጋገመ ይነሣል። ይኸውም አምሪት የተባለ ባለ ቅኔ ነው፤ ከተማውን ትቶ በጫካ ከሚኖሩ ነገዶች ጋራ ሆኖ ስለ መብታቸው ይታገላል። አንዱ ያደንቀዋል፤ ሌላው ቅኔውን አባከነ ይላል። ለመሆኑ ደራሲ ከግብዣው ጠረጴዛ ሳይነሣ ስለ ተራበው ሰው እውነቱን ሊጽፍ ይችላልን? ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የሳበው ባራት የተባለው ወጣት ጸሓፊ ነው። ወደዚያ ቤት የመጣው ታላላቆቹ እንዲያውቁት ነው። የሚናገሩትን ሁሉ ይሰማል፤ የሚያከብራቸውንም ሰዎች በቅርብ ያያል። ገና ሥራ የያዘ ወጣት እንዲህ ባለ ግብዣ አንድ ጊዜ ቆሞ የሚያውቅ እንደ ሆነ የባራት ፊት አዲስ አይሆንበትም።

ፊልሙ ነቀፌታ የለበትም ለማለት አይደለም። ከመድረክ የመጣ በመሆኑ ንግግር ይበዛበታል። አምሪትም ሳይታይ ስለሚመሰገን ጉድለቱ አይታወቅም፤ በሩቅ ያለን ሰው ማድነቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የባርቬን ባልንጀራ ሞሂኒን ሆና የተጫወተችው ሮሂኒ ሃታንጋዲ ይህን ሁሉ ታስረሳለች። ‹‹ጋንዲ›› በተባለው ፊልም የጋንዲን ሚስት ሆና ያየናት ተዋናይት ናት። እዚህ ግን መድረክን ትታ በመጠጥ የምትጽናና ሴት ናት፤ ስትስቅ ያስፈራል።

ለዚህም ሥራዋ የሕንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ተቀበለች። ተሸላሚውን ደራሲ የሚወቅሰውን ፊልም ያሠራው መንግሥት ነው፤ የሸለመውም መንግሥት ነው። ኤልኩንችዋር ይህን ሲሰማ ምን ብሎ ይሆን?

ምሽቱ ሲገፋ አምሪት ተገደለ የሚል ወሬ ይደርሳል። እንግዶቹ ይበተናሉ። ለባርቬም አምሪት በደም ተነክሮ ይታየዋል፤ አፉን ይከፍታል፤ ቃል ግን አይወጣውም።