የበለስ ሸለቆ ሰፈራ

የበለስ ሸለቆ ከአዊ ደጋ በስተምዕራብ የተንጣለለ ቆላ ነው። እንጅባራ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሸለቆው ዋና ሰፈር ፓዌ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒ በኩል የሚወርድ መንገደኛ የገብስና የድንች ማሳን ትቶ የማሽላና የሰሊጥ አገር ውስጥ ይገባል። ወባና የጸጼ ዝንብም እዚያው ይጠብቁታል። ደገኛውን ለዘመናት ከሸለቆው ያራቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ወባው ገበሬውን፣ ዝንቡ የሚያመጣው ገንዲ ደግሞ በሬውን ይጥላል።

ቆላው ግን ባለቤት ነበረው። ጉሙዞች ማሽላና ዳጉሳ እያመረቱ፣ እያደኑና ማር እየቆረጡ ይኖሩበታል። አንድ ማሳ ለጥቂት ዓመታት ታርሶ ሲደክም ዱር እስኪለብስ ይተዉትና ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ይህ ለደገኛ ዓይን ማንም ያልነካው ጫካ ቢመስልም፣ በጉሙዝ ሥርዓት ባለቤቱ የታወቀ፣ ተራውን የሚጠብቅ ማሳ ነው። ቀድሞም ቢሆን ጉሙዞች ደገኛውን በክፉ ያውቁታል፤ የደጋ ሹማምንትና ጭፍሮቻቸው ለረጅም ዘመን ባሪያ ፍለጋ ወደ ቆላው ይዘምቱ ነበር።

በ1977ቱ ድርቅና ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ፣ ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሸለቆው ወደሚገኝበት መተከል አጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የተጫነም አልጠፋም። የሰፈራ መንደሮቹ እንደ መንደር 7 በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬም የሚታወቁት በዚሁ ነው። በሬ በገንዲ ስለሚሞት መሬቱ በትራክተር ታረሰ፤ እርሻው የጋራ ሆነ፣ እህልም በራሽን ይታደል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባና ተቅማጥ ብዙ ሰው ፈጁ።

የአሜሪካ ምዕራብ ሰፋሪ በመሬት ይዞታ ረገድ ሌላ ዕጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት በቦታው ኖሮ ላረሰ ሰው 65 ሄክታር ያህል በስሙ ይሰጠው ነበር። የበለሱ ሰፋሪ ቦታውንም ሰብሉንም አልመረጠም፤ በእጁ የገባ የባለቤትነት ወረቀትም አልነበረም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ መንግሥት ያደለው ሌሎች የሚኖሩበትን መሬት ነው።

ቀጥሎ በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት መጣ። ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ጫካ መነጠረ፣ መንገድ ዘረጋ፤ ፓዌ ሆስፒታልና የአውሮፕላን ማረፊያ አገኘች። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፣ ትራክተሩም ቆመ። ብዙ ሰፋሪዎች ወደ መጡበት ሲመለሱ የቀሩት መሬቱን ተከፋፍለው ለየራሳቸው ማረስ ጀመሩ።

በአዲሱ የክልል አከላለል ፓዌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ቻግኒና በዚሁ ሸለቆ ያለችው ጃዊ በአማራ ክልል በአዊ ዞን ሥር ሆኑ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚቆጥረው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። ፓዌ ተወልዶ ያደገ የሰፋሪ ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከ1995 ጀምሮ የተካሄደው አዲስ የሰፈራ መርሐ ግብር ከቀድሞው ትምህርት የወሰደ ይመስላል። ሰፈራው በፈቃድና በክልል ወሰን ውስጥ እንዲሆን፣ ሰፋሪው እስከ 2 ሄክታር እንዲያገኝ፣ የትውልድ ቀዬው መሬትም ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተወሰነ። ማዕከሏ ፈንድቃ የሆነችው ጃዊም ከደጋ የወረደውን ሕዝብ ተቀበለች፤ በኋላ ደግሞ ሰፊ የሸንኮራ አገዳ ልማት ተጨምሮባታል።

የመሬትና የባለቤትነት ጥያቄው ግን ከፖለቲካው ጋር ተጣምሮ ደም ማፋሰሱ አልቀረም። በ2013 በመተከል በደረሰው ጥቃት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሽቅብ ወደ አዊ ሸሽተው ቻግኒ አጠገብ በሚገኘው ራንች በተባለው መጠለያ ተጠለሉ።