አልቅሰን ተነሣን... ከዚያስ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እንባ ነው። አይዟችሁ፣ ስለ ፍቅረኛ እንባ አይደለም፤ እሱስ ሰልችቷችኋል። የዛሬው የፊልም እንባ ነው። ያውም ልብ ወለድ አይደለም፤ እውነተኛ ሰውና እውነተኛ መከራ የሚታይበት ዘጋቢ ፊልም የሚያስፈስሰው እንባ! ጨርሳችሁት መብራት ስታበሩ ጉሮሯችሁ የሚታነቅበት፣ እራት የማይበላበት፣ እንቅልፍ የሚጠፋበት ማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ቦንጋ ነው። ለመስቀል ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ካፋ ወርጄ ነበር። የቦንጋን መስከረም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ደግሞ ቆጮው፣ ሥጋው፣ ቡናው። ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤት ሳይቀር አንድ ሳሎን ውስጥ ታጭቀናል። የእህቴ ልጅ በፍላሽ አንድ ፊልም ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል። ወደ ውበት የሚወስድ ጉዞ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሲሆን፣ ፊስቱላ የያዛቸው አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከገጠር መንደራቸው ተነሥተው አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እስኪደርሱና እስኪታከሙ ድረስ ይከተላቸዋል።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ምጥ ቀናት ሲፈጅና ሐኪም በአቅራቢያ ሲታጣ፣ የልጁ ጭንቅላት የእናትየውን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማያገኘው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እሷ ብትተርፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷ፣ አንዳንዴም ሰገራዋ፣ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ባል ይሄዳል። ጎረቤት ይሸሻል። እሷም ሰው እንዳይሸታት ብላ ከሰው ትርቃለች።

እንግዲህ ይህንን ነበር በበዓል ምድር ቁጭ ብለን ያየነው!

ሳሎኑ ውስጥ ማን ምን ሆነ?

እኔ መቼም ሆዴ ባሻ ነው፤ ገና በአሥር ደቂቃው ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌያለሁ። እናቴ ደረቷን እየመታች «ልጄን! ልጄን!» ትላለች፤ ልጅቷን ታውቃት ይመስል። ሁለት ጎረምሶች ጥግ ይዘው ተሳሳቁ። እህቴ «እናንተ ጨካኞች!» ብላ ጮኸችባቸው። የእህቴ ባል ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣና ዝናብ ላይ ቆሞ ሲጋራውን አጨሰ። የእህቴ ልጅ ደግሞ የሚያለቅሱትን ሴቶች በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እንጃለት።

ከመካከላችን አንዲት ወጣት ነበረች። እዚያው መንደር ጀበና ቡና የምትሸጥ፣ ለበዓሉ ቡና ልታፈላልን የመጣች። እሷ አላለቀሰችም። አልሳቀችምም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ቆየችና ልክ ሁላችንም እህህ ስንል፦

«ለመሆኑ ስንት ያስከፍላሉ?» አለች።

ያን ጊዜ ምን ነካኝ? «አንቺ ደግሞ! ሰው እያለቀሰ አንቺ ስለ ብር ታወሪያለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፋች። ሁሉም በዓይኑ ገላመጣት። ፊልሙ ቀጠለ፤ እኛም ለቅሷችንን ቀጠልን።

የአጎቴ ጨዋታ

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድሜው ሰባ እየተጠጋ ነው። «እናንተ ዛሬ አለቀሳችሁ፤ እኔ ግን እንዲህ አገር ሙሉ ሲያለቅስ አይቻለሁ» ብሎ ጀመረ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ማታ ነው። አጎቴ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበር። በየቤቱ ቴሌቪዥን ስለሌለ መርካቶ አንድ ቡና ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ተጋፍቶ አየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረፀው የረሃብ ፊልም ነበር። በአገሩ የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደርግ ግን ዓመት ሊሞላው ሲል አመጣውና በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ንጉሡም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። የሚሞት ሕፃን... ኬክ። አጥንቷ የወጣ እናት... ውሻ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

«ቡና ቤቱ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም» አለ አጎቴ። «እኔም አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ ጠዋት ከሰው ጋር ስጮህ ዋልኩ። ወሎ ላለ ሰው ግን አንዲት ሳንቲም ላክሁ? አልላክሁም። እንባዬን ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ተጠቀመበት።»

የታሪኩ ጉድ ደግሞ ገና ነው። ያው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር፣ ሰሜኑ እንደገና በረሃብ እያለቀ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረፀውና ማይክል በርክ የዘገበው ምስል በቢቢሲ ታየ። ዓለም አለቀሰ። ግን ያኔ ያለቀሰው አልቅሶ ብቻ አልቀረም፤ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» ተደረገ፤ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። እህል መጣ፤ ነፍስ ተረፈ። ይህ አይካድም። የዚያኑ ያህል ደግሞ ኢትዮጵያ ማለት የተራበ ሕፃን ብቻ ነው የሚል ሥዕል በሰው ጭንቅላት ተተክሎ ቀረ። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በእሱ ስንት ጊዜ እንደተሸማቀቁ ይነግሯችኋል።

በዚያ ወቅት ሌሎች ጋዜጠኞች ከቀረጿቸው ሕፃናት አንዷ፣ አለቀላት የተባለችው የትግራይ ልጅ ብርሃን ወልዱ ግን አልሞተችም። አድጋ፣ ተምራ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን ሃይድ ፓርክ «ላይቭ 8» መድረክ ላይ በእግሯ ቆመች። ፊልሙ ሲያልቅ የሰውየው ሕይወት አያልቅም ማለት ነው። እኛ ግን ቴሌቪዥኑን ስናጠፋ አብረን እናጠፋዋለን።

ጠዋት የመጣችው እንግዳ

በማግስቱ ገና ጭጋጉ ሳይገለጥ በር ተንኳኳ። ያቺው ባለ ጀበናዋ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«እትዬ፣ ትናንት ተቆጡኝ» አለች።

«ተይው እባክሽ፣ ሆድ ብሶኝ ነው...»

«እህቴ እንደዚያ ናት።»

ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ዴቻ ወረዳ ገጠር ውስጥ ነው። ታላቋ ናት። ሦስት ቀን አምጣ ልጇ ሞቶ ተወለደ፤ ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእናታቸው ቤት ጓሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ አለች። ቤተሰቡ «እርግማን ነው» ብሎ አምኗል። ገበያ አትወጣም፣ ለቅሶ አትደርስም፣ ሠርግ አታውቅም። ይህ በሽታ ስም እንዳለው፣ ሐኪም እንደሚጠግነው እንኳ ልጅቷ ያወቀችው ያን ማታ እኛ ሳሎን ውስጥ ነው!

«እናንተ ስታለቅሱ እኔ መንገዱን እቆጥር ነበር» አለችኝ። «ከቤት እስከ መኪና መንገድ በምን እንደማወርዳት፤ መኪና ላይ ሰው ቢሸታት ምን እንደምል።»

ወገኖቼ፣ አፈርኩ። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ሁሉ ፊልሙ በትክክል የገባው ለእሷ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም አሰኘኋት። የሷ እንባ ስድስት ዓመት ሲፈስ ኖሮ የደረቀ ነው። ለካ የማያለቅስ ሁሉ ጨካኝ አይደለም!

እናስ ምን እናድርግ?

አልቅሱ፤ ምንም ነውር የለውም። በተለይ እናንተ ወንዶች፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ተረት ተዉት። ጥግ ይዘው የሳቁት ጎረምሶችም ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ሲያይ መሳቅም፣ መቆጣትም፣ ወጥቶ ማጨስም ይመጣበታል። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለው ሰው በሚያሳየው መልክ አትፍረዱበት። ያላለቀሰው ሰው ያን ነገር ቤቱ ይዞት ይሆናል።

የሚከብድ ፊልም ከሆነ ብቻችሁን፣ እኩለ ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ አትዩት። ከሰው ጋር እዩና ሲያልቅ ተነጋገሩ። ቡና ይፈላ! አጎቴ ያን የቆየ ታሪኩን ያወጣው ቡና ስለተቀዳ ነው።

አንዴ ያያችሁትን ደግሞ ደጋግማችሁ አትዩት። በተለይ የጦርነትና የአደጋ ቪዲዮ በየስልካችን ሲዘዋወር እያየነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ ዜናውን በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲከታተሉ የከረሙ ሰዎች እዚያው ቦታ ከነበሩት ይበልጥ መጨነቃቸውን አሳይቷል። በዓይን የገባ ነገር እንዲህ ይጎዳል። ሳምንት አልፎም እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሐኪም ማማከር ዕብደት አይደለም።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ፊልሙ አልቆ እንባችሁን ስትጠርጉ ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «እንዲህ የሆነ ሰው እኔ አጠገብ ማን አለ?» ፊልሙን ለመቶ ጓደኛ ከመላካችሁ በፊት፣ አልቃሾቹን ከመቅረጻችሁ በፊት፣ ጓሯችሁን ተመልከቱ። እንባ ሩቅ አገር መሄዱን ይወዳል፤ እዚያ ሥራ የለበትማ! ጎረቤት ሲገባ ግን መኪና መፈለግ፣ ስንቅ መቋጠር፣ አብሮ መሄድ ይመጣል።

ለባለ ጀበናዋም ጥያቄ በማግስቱ መልስ ሰጠሁ። ሕክምናው በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ያቋቋሙት ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ሌላ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ማዕከሎች አሉት። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራው ቀጥሏል። አብዛኞቹ ሴቶች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም፤ እንዳልዋሻችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ምጥ ሳይጠና ጤና ጣቢያ መድረስ ነው።

የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገኘናት። ያ ዝናብ ላይ ቆሞ ያጨሰው የእህቴ ባል የመኪናውን ነገር እኔ ልቻለው አለ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ እነሱ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ መቱ ሄዱ።

ኅዳር ላይ ስልኬ ጮኸ። ባለ ጀበናዋ ናት።

«እትዬ፣ ደረቀች» አለች። መፍሰሱ ቆመ ማለቷ ነው። ከዚያ ቃል አልወጣትም። ስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ ለቅሶ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያ ለቅሶዋ ነው።

እኔም ዝም ብዬ ሰማኋት። ያን ጊዜ አልተቆጣኋትም።

ቸር ይግጠመን!