የስትሪንግ ጓዳ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ጃቫ 9 ሲወጣ፣ ስትሪንግ የሚባለው ክላስ ጽሑፍ የሚይዝበት መንገድ ከሥሩ ተቀየረ። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይመድብ ነበር፤ አሁን ግን ጽሑፉ በተለመዱት የላቲን ፊደላት ብቻ ከሆነ አንድ አንድ ባይት ይበቃዋል። (የእኛ ፊደል ከዚህ ቁጠባ አልደረሰውም። እንዲያውም በረጅም የላቲን ጽሑፍ መሐል አንዲት «ሀ» ብትገባ ጽሑፉ በሙሉ ወደ ሁለት ባይት ይመለሳል።)

ስትሪንግን የማይነካ የጃቫ ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው መሠረት ሲናድ ብዙ ኮድ አብሮ ይፈርሳል ብሎ መፍራት ያባት ነው። ሆኖም አብዛኛው ፕሮግራመር ለውጡን ልብ እንኳ አላለም፤ ፊደላቱ የሚቀመጡበት አሬይ ገና ከጥንቱ «ፕራይቬት» ተብሎ ተዘግቶ ነበርና።

ኢንካፕሱሌሽን የሚሉት ይኸው ነው፦ ዳታውንና በዳታው የሚሠሩትን ሜተዶች አንድ ቤት ማኖር፣ ከዚያም ጓዳውን መዝጋት። እንግዳ የሚያየው መሶቡን ነው። እንጀራው በእንጨት ይጋገር በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የባለቤቷ ጉዳይ ነው። ጣዕሙን ቀምሶ የሚለይ እንግዳ አይጠፋም፤ እሱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ሐሳቡን አጥርቶ ያስቀመጠው ዴቪድ ፓርናስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል ነገ ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ ይደብቅ አለ። ክላስን ያስተዋወቀው፣ ዳልና ኒጎርድ ኦስሎ ላይ የሠሩት ሲሙላ 67 ግን መጀመሪያ ላይ መሸሸጊያ አልነበረውም፤ ቤቱ ተሠርቶ በሩ ኋላ መጣ።

ጃቫ አራት ዓይነት በር አለው። ፕራይቬት ለክላሱ ብቻ፣ ፐብሊክ ለሁሉም ነው። ምንም ቃል ካልተጻፈ በዚያው ፓኬጅ ላሉት ይከፈታል። ፕሮቴክትድ ለልጅ ክላሶች ነው ይባላል፤ ጃቫ ላይ ግን የፓኬጅ ጎረቤቶችም ይገቡበታል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ አይገቡም። ፓይተን በር የለውም። በአንድ የስር መስመር የሚጀምር ስም «እባክህ አትንካ» ማለት ነው፤ ልመናውም ብዙ ጊዜ ይከበራል።

ጀማሪ ፕሮግራመር ፕራይቬትን የሌባ መከላከያ ያደርገዋል። አይደለም። የይለፍ ቃል ፕራይቬት ውስጥ ስለገባ አይደበቅም፤ ክልከላው የሥራ ባልደረባን ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ የጻፈውን የረሳውን ራስን።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ልማድ ነው፦ ሁሉን ፕራይቬት አድርጎ፣ ወዲያው ለእያንዳንዱ ጌተርና ሴተር፣ ማለትም ዳታውን አውጥቶ የሚሰጥና የሚቀይር ሜተድ፣ መደርደር። በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው መስቀል ነው። ዕቁብ የሚባል ክላስ ጻፍን እንበል። የአባላቱ ሊስት ፕራይቬት ነው፤ ዕጣ ከተጀመረ ወዲያ አዲስ ሰው እንዳይገባም «አባል ጨምር» የሚለው ሜተድ ይቆጣጠራል። ጌተሩ ግን ያንኑ ሊስት እንዳለ አውጥቶ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው ሊስቱ ላይ ስም ቢጨምር ዳኛውም ጸሐፊውም ሳያውቁ ዕቁብተኛ ተጨመረ፤ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል። ጌተሩ የሊስቱን ቅጂ ቢሰጥ ኖሮ ተጨማሪው ስም ቅጂው ላይ ይቀር ነበር።